ከአብነት ጉባኤ ወደ ከተማ ደብር፦ ሐዋሳ ላይ ካህናትን ለከተማ አገልግሎት እንዴት እናሠልጥን?

የሰበካው ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንዴት ከረማችሁ። በሐዋሳ የአንድ ደብር የሥልጠና ኮሚቴ ነን። 9 ቀሳውስትና 14 ዲያቆናት አሉን፤ በሦስት ተራ ሰሙን (የሳምንት አገልግሎት) ይገባሉ። አብዛኞቹ ከአብነት ጉባኤ (ከቀደምቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት) በስለው የመጡ ናቸው። ቅዳሴውን፣ ኪዳኑን፣ ማኅሌቱን በተመለከተ እኛ እነሱን የምናስተምረው ነገር የለም። የሚቸገሩት ከቅጽሩ ሲወጡ ነው። ሆስፒታል ይጠራሉ፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ንስሐ እንግባ ይላሉ፤ ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) ብቻ የሚናገሩ እናት ይመጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥያቄ ይዞ ይቆማል።

ያሰብነው የአምስት ቀን ዐውደ ጥናት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ 12 ርእስ፣ በመጨረሻ የምስክር ወረቀት። ወሩ ገና አልተቆረጠም። ጊዜውንም ይዘቱንም እዩልን፤ ስሕተታችንን ሳታፍሩ ንገሩን።

መሪጌታ ዘታቦር

ከጊዜው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይመጣል። "ከሰኞ እስከ ዓርብ" የሚለው የቢሮ ሰው አቆጣጠር ነው። ካህን የሚኖረው በወሩ ቀን ነው። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ከወሩ አጋማሽ ወዲህ አምስት ተከታታይ ቀን የትም ብትጥሉ አንዱ በዓል ይመታችኋል፤ በዚያ ቀን ግማሹ ሰው አይመጣም፤ የመጣውም እንቅልፍ ይዞት ነው።

ዓመቱን ደግሞ እናስላው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በአዘቦቱ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሳይበላ ቆሞ የዋለን ሰው 10 ሰዓት ላይ ደብተር አውጣ ማለት አይቻልም። ፍልሰታ ሌሊቱ ሰዓታት፣ ጠዋቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከሰዓቱ ቅዳሴ፤ ዝም በሉት። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ሲሆን መሐሉ ላይ የታኅሣሥ ገብርኤል አለ፤ ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ምን እንደምትመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ጥር ጥምቀትና ሠርግ ነው።

የሚተርፉት ሁለት ወቅቶች ናቸው። አንደኛው በዓለ ሃምሳ፦ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ቅዳሴ ሁልጊዜ በጠዋት ይወጣል፤ ከሰዓቱ ነፃ ነው። ሠርጉ ይበዛል፣ ግን ሠርግ ቅዳሜና እሑድ ላይ ነው። ሁለተኛው ጥቅምት፦ ማኅሌተ ጽጌ (የወቅቱ የሌሊት ዝማሬ) የሚቆመው ለእሑድ አጥቢያ ነውና የሳምንቱ መካከል ይገኛል።

ሰሙኑን አትርሱ። ሦስት ተራ ካላችሁ በየሳምንቱ አንዱ ተራ ገቢ ነው፣ ሁለቱ ውጭ ናቸው። እያንዳንዱን ትምህርት በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ብትደግሙት ሁሉም ያገኘዋል፤ ሦስተኛ መድገም አያስፈልግም። ማክሰኞና ሐሙስ ከ8፡30 እስከ 10፡30፣ ከሠርክ (ከማታ) ጸሎት በፊት። በዓለ ሃምሳ 7 ሳምንት ነው። 6ቱ ሳምንት ሦስት ጥንድ ይሆናል፤ በየጥንዱ ሁለት ትምህርት፤ በጠቅላላ 6 ትምህርት ማለት ነው። ሰባተኛው ሳምንት ላመለጠው ሰው ይቀመጥ። ስለዚህ 12 ርእስ የሚባለውን ግማሹን ጣሉት።

የሰበካው ጸሐፊ

መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ስድስት ብቻ? "የአመራር ጥበብ"፣ "የጊዜ አጠቃቀም"፣ "የኮምፒዩተር መሠረታዊ ዕውቀት" ሁሉ ነበሩን። የትኛውን እንጣል?

ቀሲስ ከመነኸሪያ

ሦስቱንም ጣሉ። ከተማ ላይ የካህን ሥራ ዐሥራ አምስት ዓይነት ይመስላል እንጂ ግንዱ አንድ ነው፦ የንስሐ አባትነት። እሱ ከተበላሸ ስብከቱም ለቅሶውም አይቆምም።

መጀመሪያ ቁጥሩን አስተምሯቸው። አንድ ካህን በሳምንት 4 ቤት ቢጎበኝ፣ ጾሙንና ትልልቁን በዓል ቀንሰን በዓመት 40 ሳምንት ቢያገኝ፣ 160 ቤት ነው፤ እሱም እያንዳንዱን በዓመት አንዴ ብቻ። 300 ቤት "ልጆቼ ናቸው" የሚል ካህን ግማሹን አያውቃቸውም ማለት ነው። ገጠር ላይ ይህ አይታይም፤ ሰዉ ሁሉ በየሳምንቱ ቅጽሩ ውስጥ ስለሚገናኝ። ሐዋሳ ላይ ግን ሰው ከሐይቅ ዳር ወደ ሐዌላ ቱላ ቤት ይቀይርና ሳይሰናበት ይጠፋል። ስለዚህ ደብሩ ዝርዝሩን ያከፋፍል፤ አንዱ ጋ 300 ሌላው ጋ 20 እንዳይሆን።

መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። የሚጻፈው የክርስትና ስም፣ ሰፈርና መለያ ("ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ በር")፣ ስልክ፣ የሥራ ፈረቃ፣ የመጨረሻ ጉብኝት ቀን፣ ሕፃን ካለ የክርስትናው ቀን። የማይጻፈው ደግሞ ከንስሐው አንዲት ቃል፤ በምልክትም በቅኔም። ደብተር ባጃጅ ውስጥ ይረሳል።

የሚበላሽበት ቦታ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ንስሐ በስልክና በቴሌግራም መቀበል፦ ልጅቷ የጻፈችው ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ስልኩን ደግሞ ልጆቹ ይነካካሉ። በስልክ ቀጠሮ ብቻ። ሁለተኛ፣ የሰሙትን ስም ቀይሮ በስብከት ማንሣት፤ "አንዲት እኅት ነበረች" ሲባል ጓደኞቿ ማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ንስሐ የሚገባ የለም። ሦስተኛ፣ ከሀገር ቤት የንስሐ አባት ያላትን ልጅ ሳይጠይቁ መቀበል። በቀድሞው አባት ፈቃድ ነው የሚሆነው፤ ዛሬ በስልክ አንድ ደቂቃ ነው፤ አባትም ደስ ይላቸዋል።

ስለ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ደግሞ ለብቻው ልናገር። ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ ወጣት ሴቶች በዝተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድበዋል፤ ይህም ስድስት ቀን ሙሉ ማለት ነው። የሚያርፉት እሑድ ነው፤ ካህኑ ደግሞ ከሁሉም ቀን እሑድ ይጠመዳል። ስለዚህ ከእሑድ ከሰዓት 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ደብሩ ለሌላ ስብሰባ አይንካው። የጉብኝቱ ደንብ፦ ካህን ብቻውን አይሄድም፣ ዲያቆን ወይም ከሰበካው አንድ እናት አብረው ይሂዱ፤ በቀን ብርሃን፤ በሩ ክፍት፣ ቢቻል ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ። አከራዩን ቀድሞ ሰላም ማለት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ነገ ወሬው የልጅቷ ነው።

ነርሷ

ቀሲስ ይባርኩኝ። እኔ የሆስፒታሉን ልጨምር። ሪፈራል ሆስፒታልም ይሁን አዳሬ ሆስፒታል፣ ወይም የግል ክሊኒክ፣ ነገሩ አንድ ነው።

ክፍል ከመግባታቸው በፊት ተረኛዋን ነርስ ይጠይቁ፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ኦክስጅን ላይ ያለ አለ? በአፉ ምንም እንዳይወስድ የተባለ አለ? ተላላፊ ሕመም አለ?

ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ አይበራም፣ ማዕጠንትም አይገባም። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ትንሽ ፍምን ግን ወዲያው ነበልባል ያደርገዋል፤ አልጋ ልብሱ ውስጥም ተጠራቅሞ ይቆያል። ቅብዓት ያለበት ጸሎት ከሆነ ዘይቱ ከጭንብሉና ከቱቦው ይራቅ።

ለቀዶ ጥገና የተዘጋጀ ሰው ጠበል "ትንሽ ብቻ" ተብሎ ከተሰጠው ማደንዘዣ ላይ ሊያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀዶ ጥገናው ይሰረዛል፣ ወይም ከዚያ የባሰ ይሆናል። ጠበሉን ይርጩት፤ መጠጣቱ ይቆይ። ቁርባን የሚፈልግ ካለ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው።

የእጅ መስቀል ከአልጋ አልጋ ሲሳም ሕመም ይዞ ይሄዳል። በየሕመምተኛው መካከል በ70 በመቶ አልኮል መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ። ለሆስፒታል የብረት መስቀል ይሻላል፤ እንጨቱ ይመጥጣል፣ ቅርጹም ቆሻሻ ይይዛል። እጅ ሲገቡም ሲወጡም ይታጠባል።

"መድኃኒቱን ተወውና ጠበል ግባ" የሚል ካህን ካለ ሥልጠናው ከእሱ ይጀምር። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ይህን ለካህናቱ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ከነርስ ቃል ይልቅ የፓትርያርክ ቃል ይሰማሉ። ጾምም እንዲሁ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግቡን እስከ 9 ሰዓት ካዘገየ ስኳሩ ይወርዳል፦ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዛባል። ሰካራም ወይም መንፈስ የያዘው የሚመስላቸው አሉ። የሚውጥ ከሆነ ወዲያው ስኳር በውሃ፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም። ለሕመምተኛ ጾሙን ማቅለል የንስሐ አባት ሥልጣን ነውና ይጠቀሙበት።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የተደፈረች ልጅ መጀመሪያ የምትነግረው ለንስሐ አባቷ ሊሆን ይችላል። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ። "እስቲ እንጸልይበት፣ እሑድ ነይ" ማለት ጊዜውን ያቃጥለዋል። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ቀሲስ ከመነኸሪያ

እኅቴ፣ የመጨረሻው ነጥብሽ ለብቻው አንድ ትምህርት ይገባዋል። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበም እዚያው ይግባ። "እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙዎቹ ግን ይፈራሉ። ብቻውን አለመተው፣ ገመዱንም መርዙንም ከቤት ማስወጣት፣ ወደ ሐኪም ማድረስ። የንስሐው ምሥጢር እንደተጠበቀ፣ "ለእናትህ ወይስ ለወንድምህ እንንገር?" ብሎ ራሱን ሰውየውን ማስፈቀድ ነው መንገዱ። ካህኑ በራሱ ሥልጣን ወጥቶ አይናገርም።

ወንጌላዊ ከአቶቴ

ሰላም ወገኖች። እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፤ የእናንተን ሥርዓት አላውቅም፤ ስለ አሠለጣጠኑ ዘዴ ግን አንድ ነገር ልጣል፣ የሚጠቅማችሁ ከሆነ።

ትምህርት ሰጥቶ መበተን አይሠራም። እኛ ጋ የሆስፒታል አገልግሎት ስናሠለጥን ሠልጣኙ ከአንድ ጉብኝት በኋላ ንግግሩን ቃል በቃል ይጽፋል። አንድ ገጽ፦ በግራ ሕመምተኛው ያለው፣ በቀኝ እኔ የመለስኩት፣ ከታች ያየሁት (ፊቱ፣ ዝምታው፣ ማን አብሮ እንደነበረ)። የሰው ስም የለበትም። 5 ወይም 6 ሆነው ይቀመጡና አንዱ ያነባል፤ ሌሎቹ "እዚህ ላይ እሱ ስለ ልጆቹ ሲያነሣ አንተ ለምን ወደ ጥቅስ ሮጥክ?" ይላሉ። አንድ ገጽ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በጣም የሚደጋገመው ጥፋት ሦስት ነው፦ ሰውዬው ሳይጨርስ ማጽናናት፣ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ ወሬውን መዝጋት፣ ጸሎቱን ማስረዘም። ለታመመ ሰው ጸሎት ከሦስት ደቂቃ ሲያልፍ ለሚጸልየው እንጂ ለታመመው አይደለም።

የቋንቋው ችግር እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። ከገጠር የሚመጡት ወንጌላውያን በሲዳሙ አፎ እሳት ናቸው፤ ከተማ ያደገው ወጣት ግን በአማርኛ ነው የሚሰማው። ሁለት አምልኮ በሁለት የተለያየ ሰዓት እናደርጋለን። የምንሳሳተው ሁለተኛውን "የልጆች" ብለን ጀማሪ ሰባኪ ስንመድብበት ነው።

መሪጌታ ዘታቦር

ወንድም ወንጌላዊ፣ ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ (ደርሶ) መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ መምህሩ ያርማል፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ። በጉባኤ ቃና፣ በባለ ሁለት ቤቱ አጭር ቅኔ፣ ይጀምራል፤ ማንም በመወድስ (በረጅሙ) አይጀምርም። ጉብኝቱንም እንደዚያ አድርጉት፦ መጀመሪያ አንድ አጭር ጉብኝት፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት፣ ከዚያ የተጣላ ባልና ሚስት።

እንዲያውም የአብነት ተማሪ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። ድጓ (የዜማ መጽሐፉን) በቃሉ የያዘ ሰው የሃያ ደቂቃ ንግግር አንድ በአንድ መልሶ ይነግርሃል። እንዲጽፍ አታስጨንቁት፤ በቃሉ ያቅርበው። ሥልጠናው ውስጥ ሰሌዳና ምስል ማሳያ ካበዛችሁ የምታዩት እንቅልፍ ነው። በቅጸላ አስኪዱት፦ ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስጠና።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጉብኝት ይቆጠራል (በጉባኤ ፊት በቃል ይቀርባል)፤ ንስሐ አይቆጠርም። ይህን መጀመሪያ ቀን ተናገሩ።

ዲያቆን ዘሐዌላ ቱላ

ስለ ቋንቋው። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ ሲዳሙ አፎ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ቀበሌውም ትምህርት ቤቱም በእሱ ነው። ከስድስቱ ትምህርቶች አንዱ አታድርጉት። ቋንቋ በሁለት ሰዓት አይያዝም፤ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ይሻላል፣ ከሠርክ በኋላ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን፦ ሰላምታ፣ የለቅሶ ቃል፣ ሕመም መጠየቂያ ("የት ነው የሚያምዎ፣ ከመቼ ጀምሮ")፣ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዚያ ጸሎተ ሃይማኖት። ብዙዎች ከጸሎተ ሃይማኖት ይጀምሩና ሰላም ማለት ሳይችሉ ይቀራሉ። "ኬሬ" (ሰላም) እና "ማጋኖ" (እግዚአብሔር) የሚሉትን ሁለት ቃላት የሰሙ አዛውንት እንኳ ፊታቸው ይፈታል።

ፊደሉ ያስቸግራል። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ አረጋውያኑ ካህናት አያነቡትም። በእኛ ፊደል ስትገለብጡት ደግሞ የድምፅ ርዝመትና ጥብቀት ይጠፋል፤ ሁለቱም በሲዳሙ አፎ ትርጉም ይለውጣሉ። ስለዚህ ወረቀቱን በስልክ ከተቀዳ ድምፅ ጋር ስጡ፤ የሚቀዱት የአካባቢው አዛውንት እንጂ ከተማ ያደገ ልጅ አይሁን።

ለንስሐ አስተርጓሚ ካስፈለገ የቤተሰብ አባል በፍጹም። ቋንቋውን የሚያውቅ ካህን ከሌላ ደብርም ቢሆን መጥራት ነው። ለሽምግልናም አንድ ነገር፦ በሲዳማ ዘንድ "አፊኒ" የሚባል የመደማመጥ ሥርዓት አለ፤ ነገሩ በሁሉም ጆሮ ሳይደርስ፣ ሁሉም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። ካህኑ ገና ከመቀመጡ "እኔ የምለው" ካለ የተናገረው ሁሉ ባዶ ነው። ያዳምጥ፣ ተራው ሲደርስ ይናገር።

ሰንበት ተማሪ

ስብከቱን ማን ያንሣ? ተማሪዎች የሚያማርሩት ርዝመቱን ብቻ አይደለም፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አለመታወቁንም ነው።

መነሻው ግጻዌ (የየዕለቱን ንባብ የሚያሳየው መጽሐፍ) ቢሆን ግማሹ ችግር ይፈታል። የዕለቱ ጳውሎስ፣ ሐዋርያው (የሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት)፣ ግብረ ሐዋርያት፣ ምስባክ (ከመዝሙረ ዳዊት የሚዜመው) እና ወንጌል አሉ። አምስቱንም አትስበክ። ወንጌሉን ያዝ፣ ምስባኩን በአማርኛ ተርጉመህ በሩ አድርገው፣ ሌላውን እንደ ምስክር አንድ ጊዜ ጥራ። 20 ደቂቃ። ለተማሪ ጉባኤ 20 ስብከት፣ 20 ጥያቄ። ጥያቄው በወረቀት ይሁን፤ በአፍ ሲሆን የሚጠይቁት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስቱ ናቸው።

ከሊቃውንቱ ወገን ለሚመጡት የሚከብደው አንድምታው ነው። "አንድም፣ አንድም" እያሉ አምስት ትርጓሜ ያወርዳሉ፤ ጉባኤ ቤት ያስመሰግናል፤ ዐውደ ምሕረት ላይ ግን ሰሚው የመጀመሪያውን ጥሎ ሁለተኛውን ሲይዝ ሦስተኛው ይመጣል።

መሪጌታ ዘታቦር

ልጄ፣ አንድምታውን አትንኩብኝ። ጥፋቱ የመራጩ ነው። አምስቱን የሚያውቅ ሰው አንዱን መርጦ ቢናገር ያ አንዱ ይከብዳል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ግን ያስታውቅበታል።

ሰንበት ተማሪ

መሪጌታ፣ እስማማለሁ። "አምስቱን አዘጋጅ፣ አንዱን ስበክ" ብለን እንጻፈው። ማይኩም ይለማመዱበት። ከአፍ አራት ጣት ያህል ይራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፤ ሞንታርቦው ከተናጋሪው ፊት እንጂ ከኋላው አይሁን፤ ይጮኻል። ድምፁ ለቅጽሩ የሚበቃ ይሁን፤ ጎረቤት በፈረቃ ሠርቶ ገብቶ የተኛ ሰው አለ።

የእድር ዳኛ

ለቅሶ አልተነሣም። ከተማ ላይ ካህኑንና ቤተሰቡን የሚያገናኘው እድሩ ነው፤ ሰዓቱን የሚቆርጠውም እድሩ ነው። 9 ሰዓት ቀብር ከተባለ ፍትሐቱ ቤት ላይ ስንት፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ስንት እንደሚወስድ ካህኑ ቀድሞ ለእድሩ ይንገር። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ድንኳኑ ይነቀላል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ጸሎቱ ገና ነው፤ ከዚያ ይቻኮላል፣ ቃሉ ይዋጣል። የመቃብሩ ትምህርት ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይብቃ። ሟቹን ሳያውቁ ማመስገን ያስቃል፤ የክርስትና ስሙንና ሁለት እውነት ከቤተሰብ ይጠይቁ።

ሐዋሳ ላይ በአንድ ቤት ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም አለ። መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሟቹ የት ነበሩ፣ የንስሐ አባታቸውስ ማን ናቸው?" ነው። መልሱ ካከራከረ ክርክሩ ድንኳን ውስጥ አይሁን፤ ከቤተሰብ ሁለት፣ ከእድር አንድ፣ ካህኑ፣ ጓዳ ውስጥ። ከቀብር በኋላም 3፣ 7፣ 40፣ 80 አለ። 40ን ሁሉም ያስታውሳል፤ ቤቱ ባዶ የሚሆነው ከ40 እስከ 80 ባለው ጊዜ ነውና ጉብኝቱ እዚያ ላይ ይጨመር።

ሒሳብ ሹም

አጭር ላድርገው። ቃለ ዓዋዲ (የቤተ ክርስቲያኗ የሰበካ መተዳደሪያ ደንብ) በ1965 ሲወጣ የደብሩ ገንዘብ በሰበካ ጉባኤ እንዲተዳደር ነው፤ ቴሌብር ሲመጣ ግን ነገሩ በጎን ወጣ። ሰዉ ለሙት ዓመትም ለስእለትም በቀጥታ ወደ ካህኑ ስልክ ይልካል። ካህኑ ሌባ አይደለም፤ ግን ሐምሳ ብር ለራሱ፣ ሁለት መቶ ለደብሩ፣ በአንድ ስልክ ተደባልቆ ሲገባ በወሩ መጨረሻ ራሱም አይለየውም። መፍትሔው የደብሩ ቁጥር በካርድ ታትሞ ካህኑ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ "እዚህ ላኩ፣ ደረሰኝ ይደርሳችኋል" ይበል። በስሕተት የገባውን በዚያው ቀን አዛውሮ ደረሰኝ ማስቆረጥ። ይህ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ስለ አበልም ልናገር። ወደ ሥልጠና ለመጣ ሁሉ አበል ከከፈላችሁ አበል ሲያልቅ ሥልጠናው ያልቃል።

ቀሲስ ከመነኸሪያ

ሒሳብ ሹም፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የካህን ደመወዝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከሰዓቱን በትምህርት ያሳለፈ ዲያቆን የሚያስጠናውን ልጅ ጥሎ ነው የመጣው።

ሒሳብ ሹም

ቀሲስ፣ ያለመክፈል አላልኩም። ለመቀመጥ አትክፈሉ፤ ለመሄድ ክፈሉ። የባጃጅ ሒሳብ ለጉብኝት፣ የስልክ ካርድ፣ አልኮልና ፎጣ፣ ሻይ በዳቦ። ዲያቆኑ ለማስጠናቱ ከቀረበት ደግሞ ያን በስሙ ጽፋችሁ ተኩለት፤ "አበል" አትበሉት።

ከቫቲካን ሥርዓት ወገን

ይህን ውይይት ያነበብኩት በቅርቡ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ። በእኛ የቀኖና ሕግ ለክህነት ቢያንስ 2 ሙሉ ዓመት ፍልስፍናና 4 ሙሉ ዓመት ነገረ መለኮት ይጠየቃል፤ ከዲቁና እስከ ቅስና ደግሞ ቢያንስ 6 ወር። ይህን ያህል ተምሮም ደብር ላይ ሲመደብ ልምድ ካለው ካህን ጋር ካልኖረ ያው ነው። ስለዚህ ከትምህርቱ ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደሚመደብ አስቡ። ጥሩ ሰባኪ ሁልጊዜ ጥሩ አስከታይ አይደለም፤ አዲሱን ዝም ብሎ ማየት የሚችል ሰው ምረጡ።

የሰበካው ጸሐፊ

ሁላችሁንም ያክብርልን። ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠን እንዲህ አድርገነዋል፤ እዩልን።

በዓለ ሃምሳ፣ ማክሰኞና ሐሙስ 8፡30። አንደኛው ጥንድ፦ የንስሐ አባት መዝገብና ምሥጢር፤ ሆስፒታል። ሁለተኛው ጥንድ፦ ጥቃትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ፤ ለቅሶ ቤትና የተደባለቀ ቤተሰብ። ሦስተኛው፦ ስብከት ከግጻዌ፤ ጉባኤ ለተማሪዎች። ገንዘቡን ከመዝገቡ ጋር በግማሽ ሰዓት። ሲዳሙ አፎ ዓመቱን ሙሉ ከሠርክ በኋላ ሩብ ሰዓት።

እያንዳንዱ አዲስ ካህን ከአንድ አንጋፋ ጋር ሦስት ጉብኝት፦ አንዱን ያያል፣ ሁለተኛውን አብሮ ይሠራል፣ ሦስተኛውን እሱ ይመራል፣ አንጋፋው ዝም ይላል። ከዚያ ጉብኝቱን በቃሉ "ይቆጥራል"፣ ለአምስት ሰው ጉባኤ። የምስክር ወረቀቱን ጥቅምት ላይ አድርገነዋል፤ ሁለተኛ ዙር ጉብኝት ላቀረበ ብቻ።

የቀረን፦ አንጋፋ የምንላቸው 4 ካህናት ብቻ ናቸው፤ አዲሶቹ 5።

ቀሲስ ከመነኸሪያ

አምስተኛውን ከጎረቤት ደብር አንጋፋ ጋር አገናኙት፤ ግን በሁለቱ አስተዳዳሪዎች ደብዳቤ ይሁን፤ በቃል ከሆነ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይቋረጣል። ሰሙኑንም አስተያዩ፤ የሁለቱ ደብሮች ተራ ካልገጠመ አንዱ ሲገባ ሌላው ውጭ ይሆንና ሦስቱ ጉብኝት ሦስት ወር ይፈጅባችኋል።

ነርሷ

ለሆስፒታሉ ቀን 5ቱንም በአንዴ አታምጡ፤ ሁለት ሁለት። ዎርዱ ውስጥ አምስት ካህን ሲገባ ሕመምተኛው የሚሞት ይመስለዋል።